ደጅ የቆምኩበት ቀን

ሐኪሙ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። አንደኛው ጤና ጣቢያ የሰጠኝ የእርግዝና መከታተያ ካርድ ነበር። የመጨረሻው የወር አበባ የታየበት ቀን በሚለው መስመር ላይ «ሰኔ» ተብሎ ተጽፏል፤ ቀኑ ባዶ ነው፤ ከጎኑ ሲስተሯ የጥያቄ ምልክት አድርጋበታለች። ሁለተኛው በዚያው ዕለት፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የተነሣሁት የአልትራሳውንድ ውጤት ነው፤ ጽንሱ 35 ሳምንት እንደሆነው፣ የመውለጃዬም ቀን ሚያዝያ 6 እንደሆነ ይናገራል።

«ሰኔ ስንት ነበር?»

«አላስታውስም ዶክተር።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ሥራሽ ምንድን ነው?»

«አስተማሪ ነኝ።»

«የምን?»

«የሒሳብ።»

ፈገግታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እኔ ግን ፈገግ ማለት አልቻልኩም።

ከዚያ በፊት በነበረው እርግዝናዬ ቆጥሬ ነበር። ገና በሁለተኛ ወሬ ቀኑን አስልቼ፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ግንቦት 9ን በቀይ ቀለም ከበብኩት። ጽንሱ በሦስተኛ ወሩ ወረደ። የቀን መቁጠሪያውን ግን ማንም ከግድግዳው አላነሣውም፤ ወራቱ አንድ በአንድ ሲገለጡ ግንቦት መጣ፤ 9ኛውም ቀን ከነቀይ ክቡ መጣ። ያን ዕለት ትምህርት ቤት ሄጄ ስለ ክፍልፋይ አስተማርኩ። ስለዚህ ሁለተኛው ሲመጣ ላለመቁጠር ወሰንኩ። ካልቆጠርኩት የሚጎድልብኝ አይኖርም ብዬ ይሆናል። የወር አበባዬን መቅረት እንኳ አውቄ እንዳላወቅሁ ሆንኩ፤ ጤና ጣቢያ የሄድኩት ሆዴ ከገፋ በኋላ ነው፤ አልትራሳውንዱንም ዛሬ ነገ ስል ዘጠነኛ ወሬ ገባ።

«ማሽኑ ዕድሜ አይለካም» አሉኝ ሐኪሙ። «የሚለካው የራስ ቅሉን ስፋት፣ የሆዱን ዙሪያ፣ የጭን አጥንቱን ርዝመት ነው። ከዚያ ይህን የሚያህል ጽንስ አብዛኛውን ጊዜ 35 ሳምንቱ ነው ብሎ ይገምታል።»

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መጥቼ ቢሆን ኖሮ ግምቱን ያምኑት ነበር። በዚያ ጊዜ ጽንስ ሁሉ ከሞላ ጎደል በአንድ እርምጃ ያድጋልና፣ ከአናቱ እስከ መቀመጫው ያለው ርዝመት ተለክቶ ዕድሜው ሲሰላ ስሕተቱ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ቢሆን ነው። ወራቱ ሲገፉ ግን አንዱ እንደ አባቱ ይረዝማል፤ አንዱ እንደ እናቱ ይቀጥናል፤ አንዱ ደግሞ የእንግዴ ልጁ ደክሞ ምግብ ያንሰዋል። ከ28ኛው ሳምንት ወዲያ ማሽኑ የሚሰጠው ቀን ወደፊትም ወደኋላም እስከ ሦስት ሳምንት ሊሳሳት ይችላል። የእኔ 35 እንግዲህ 32ም 38ም ሊሆን ይችል ነበር።

«ልጁ ትንሽ ነው» አሉ። «ትንሽ የሆነው ጊዜው ገና ስለሆነ ከሆነ እንጠብቀዋለን። ጊዜው ደርሶ ትንሽ ከሆነ ግን ውስጥ ሆኖ እየተራበ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ መጠበቅ አይገባንም። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ማሽኑ አይነግረኝም። የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ።» የልቡ ምትም የሽርት ውሃውም ለጊዜው ደኅና ነበሩ። ለመጋቢት 11 ቀጠሩኝ።

ወደ ቤቴ ተመልሼ ያልቆጠርኩትን መቁጠር ጀመርኩ። መነሻው አልያዝልሽ ሲለኝ ስለ ስሌቱ ራሱ ማንበብ ያዝኩ፤ ሰው ያልገባውን ነገር ትቶ የሚገባውን ይነካካል።

ስሌቱ የሚጠራው በሃይደልበርግ ያስተምር በነበረው ጀርመናዊ የማዋለድ ሐኪም፣ በፍራንዝ ካርል ኔግሌ (1778–1851 እ.ኤ.አ.) ስም ነው። የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ሦስት ወር ወደኋላ ተቆጥሮ ሰባት ቀን ይጨመራል፤ የሚመጣው ቀን በቀጣዩ ዓመት የመውለጃ ቀን ይሆናል፤ ድምሩ 280 ቀን ነው። ኔግሌ ሐሳቡን የወሰደው ከእሱ በፊት በላይደን ካስተማረው ከሆላንዳዊው ኸርማን ቡርሃቬ ነው። የሚገርመው፣ ሰባቱ ቀን የሚጨመሩት የወር አበባው ከጀመረበት ይሁን ካቆመበት ቀን ላይ ጥንት በግልጽ አለመነገሩ ነው። በዚያ ላይ ደንቡ የሴት ሁሉ ዑደት 28 ቀን፣ እንቁላሏም በ14ኛው ቀን የሚወጣ አድርጎ ይነሣል። መነሻውን እንዲህ ለደባበቀ ተማሪ እኔ ሙሉ ማርክ አልሰጥም።

የእኛ አቆጣጠር ለዚህ ነገር ይመቻል። ወሮቻችን እኩል ሠላሳ ስለሆኑ 280 ማለት ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ነው። ጳጉሜን ከመካከል ከገባች ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ደግሞ ዘጠኝ ወር ከአራት ቀን ይሆናል። «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» የሚለውን ቃል ግን ከልጅነቴ የማውቀው ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከመጋቢት 29 ብሥራት እስከ ታኅሣሥ 29 ልደት፣ አምስቱን የጳጉሜን ቀኖች ጨምሮ፣ 275 ቀን። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ሲከበር ይህ ቁጥር ሳይዛነፍ ይቀራል። የቤተ ክርስቲያኑ ቁጥር ከፅንሰት ይነሣል፤ የሐኪሞቹ ግን ፅንሰት ከመሆኑ ሁለት ሳምንት ያህል አስቀድሞ መቁጠር ይጀምራል። ሴት ገና ሳትፀንስ ሁለት ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት ማለት ነው። ይህን ለባለቤቴ ብነግረው ሊያምነኝ አልፈለገም።

መነሻው በትክክል ቢታወቅ እንኳ መድረሻው አይታወቅም። ከመቶ ሕፃናት በተባለው ቀን የሚወለዱት አራት ወይም አምስት ያህል ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 «ሂውማን ሪፕሮዳክሽን» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ እንቁላል የወጣበት ቀን በሽንት ምርመራ የታወቀባቸውን 125 እርግዝናዎች መርምሮ ነበር፤ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት ተለይተው ከወጡ በኋላ እንኳ በአጭሩና በረጅሙ እርግዝና መካከል የ37 ቀን ልዩነት ተገኘ። አንድ ወር ከሳምንት!

ይህን ሳነብ ልቤ ሊያርፍ ሲገባው ይበልጥ ታወከ። ሐኪሙ የጠየቁኝ ልጁ መቼ እንደሚወለድ አልነበረምና። እሱን ማንም እንደማያውቅ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። የፈለጉት 41ኛው ሳምንት የት ላይ እንደሚውል ማወቅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የእንግዴ ልጅ እየደከመ ሊሄድ ይችላል፤ ልጅም በማኅፀን ሳለ የመሞቱ ዕድል ጥቂት በጥቂት ይጨምራል። ቀኑ ለልጁ የተቆረጠ ቀጠሮ ሳይሆን ለጠባቂዎቹ የተተከለ ምልክት ነበር። እኔ ደግሞ ምልክቱን ነቅዬ ጥዬዋለሁ።

እናቴ ከደብረ ብርሃን መጋቢት 9 ቀን ደረሰች። ነይ አላልኳትም፤ የምነግራትም ቀን አልነበረኝም። የገንፎ ዱቄቱን፣ አብሹን፣ በጨርቅ ላይ ጨርቅ የተጠቀለለውን ንጥር ቅቤ አውርዳ በየቦታው አኖረች። ዐቢይ ጾም ስለነበር ቅቤው እንደታሸገ ጓዳ ገባ።

«እማዬ፣ ለምን ቸኮልሽ? ማሽኑ ገና አንድ ወር ገደማ አለሽ ብሎኛል» አልኳት።

«ማሽኑ ይበል» አለች። «አንድ ሳምንት ቢቀርሽ ነው።»

«በምን ዐወቅሽ?»

ወዲያው አልመለሰችልኝም። ቡናውን ቀድታ፣ ጀበናውን አስተካክላ አስቀመጠችና፣ ፊቴን ሳታይ፣ «የእህትሽ ልጅ ክርስትና ዕለት ደጅ ቆመሽ አልነበር?» አለችኝ።

ነበር። ታናሽ እህቴ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር፤ ክርስትናውም በሰማንያ ቀኗ ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ስንል የወር አበባዬ መጣ። ቤተ መቅደስ መግባት አልችልም፤ ግን ምክንያቱን በዚያ ሁሉ ዘመድ ፊት መናገር አልፈለግሁም፤ «እናንተ ግቡ፣ እኔ ዕቃውን እጠብቃለሁ» ብዬ ከበሩ አጠገብ ካለው ዝግባ ሥር በዣንጥላ ቆምኩ። የሰኔ ካፊያ ይጥል ነበር። እናቴ ሕፃኗን ታቅፋ ስታልፍ አንድ ጊዜ አየችኝ፤ ዓይኗንም ወዲያው መለሰች። ምንም አላለችም፤ እኔም ምንም አላልኩም፤ ከዚያ ወዲህ ረስቼዋለሁ።

«ያን ዕለት ከፍቶኝ ነበር» አለች እናቴ። «የፊተኛው ከወረደ ወዲህ በየበዓሉ አይሻለሁ። ገባች ወይስ ደጅ ቆመች እያልኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ለፍልሰታም ለመስቀልም ስትመጪ ከውስጥ ነበርሽ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ስለወረደው ጽንስ በቤታችን ያልተወራው እሷ ስለረሳችው ይመስለኝ ነበር።

የቀረው ሒሳብ ነበር፤ እሱም ቀላል ነው። የእህቴ ልጅ የተወለደችው በ2010 ዓ.ም. በሆሳዕና ዕለት፣ መጋቢት 23 ነው። ሰማንያኛው ቀን ሰኔ 12፣ በሚካኤል ዕለት ይውላል። ከሰኔ 12 ዘጠኝ ወር መጋቢት 12፤ ጳጉሜን ስላለፈች አምስት ቀን ይጨመራል። መጋቢት 17። እናቴ እንዳለችው ስምንት ቀን ቀርቶኝ ነበር።

ሐኪሙ በቀጠሮዬ ቀን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «እንደ ወትሮሽ ነበር? መጠኑም፣ ቀኑም?» ሲሉ ጠየቁኝ። አንዳንድ ሴት ከፀነሰች በኋላ ትንሽ ደም አይታ የወር አበባ ይመስላታልና። እንደ ወትሮዬ አምስት ቀን መቆየቱን ነገርኳቸው። ዑደቴ እንደማይዛባም ነገርኳቸው። በመጋቢት 17 እና በሚያዝያ 6 መካከል ያለው ልዩነት 19 ቀን ነው፤ ማሽኑ በዚህ ወር ከሚሳሳትበት ልክ አያልፍም። በካርዱ ላይ ከ«ሰኔ» ቀጥሎ 12 ብለው ጻፉ። የጥያቄ ምልክቱን ግን አልሰረዙትም፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

መጋቢት 17 ምንም ሳይሆን አለፈ። እናቴ ቀኑን ሙሉ አልተቀመጠችም። ከዚያ ሳምንት ሞላኝ፤ መጋቢት 24። በእሷ ቁጥር 41 ሳምንት፣ በማሽኑ ቁጥር 38 ሳምንት ከሁለት ቀን። በዚያ ዕለት ምርመራ የሽርት ውሃው ቀንሶ ተገኘ። ሐኪሙ ምጥ የሚያመጣ መድኃኒት እንዲሰጠኝ ወሰኑ።

«ሚያዝያ 6 ትክክል ቢሆንስ ዶክተር?» አልኳቸው። ይህን ስጠይቅ እናቴን የከዳሁ ያህል ተሰማኝ።

«ያን ጊዜ የ38 ሳምንት ልጅ ትወልጃለሽ፤ ትንሽ ቸኩለናል ማለት ነው። መጋቢት 17 ትክክል ሆኖ ሚያዝያ 6ን ብንጠብቅ ግን...» አሉና አልጨረሱትም።

ወንዱ ልጄ መጋቢት 25 ሌሊት ተወለደ፤ ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም። ከስቷል፣ ግን በኃይል ያለቅሳል። ሐኪሙ ወደ መብራቱ አስጠግተው እጁን አሳዩኝ፤ ጥፍሮቹ ከጣቶቹ አልፈዋል። የእጁና የእግሩ ቆዳ ደርቆ እዚህም እዚያም ተቀርፏል፤ ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱትን የሚሸፍነው ነጭ ቅባት ሰውነቱ ላይ የለም። «ይሄ የ38 ሳምንት ልጅ አይደለም» አሉ። «ይሄ ሲጠብቅ የቆየ ልጅ ነው።»

እናቴ በማግሥቱ ጠዋት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ማሽኑንም፣ ዝግባውንም፣ ሰኔንም አላነሣችም። ገንፎውን እስክጨርስ ቆማ ጠበቀችኝና ሳህኑን ይዛ ወጣች።

አርባ ቀኑ ግንቦት 4፣ እሑድ ላይ ዋለ። ይህንን ቀን ለማወቅ ማንም ማሽን አላስፈለገውም፤ እናቴ በጣቷ ቆጥራ ለቄሱም ለዘመዱም ነግራ ነበር። ማለዳ ልጁን በነጭ ጋቢ ጠቅልለን ስንገባ፣ እህቴ ከበሩ ላይ ቀረት አለችና፣ «እናንተ ግቡ፣ እኔ እመጣለሁ» አለች። ከአጥሩ ጥግ ሄዳ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች። እናቴ ልጄን እንደታቀፈች አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየቻት። ከዚያ ወደ እኔ አየች፤ እኔም አይቼ ነበር። ሁለታችንም ምንም ሳንል ወደ ውስጥ ገባን።