ከሰሜን ተራሮች በፊት በካዛንቺስ ዳገት

ከመስቀል አደባባይ በአፍሪካ አዳራሽ በኩል ወደ ካዛንቺስ የሚወስደው መንገድ ሽቅብ ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች ለቀናት የእግር ጉዞ የምትዘጋጁ እህቶች፣ የጀርባ ቦርሳችሁን እዚህ ፈትኑት። ባዶውን የማይመች ቦርሳ የለም፤ ተውሳችሁም ቢሆን ሰባት ኪሎ ያህል ጭናችሁ ግማሽ ሰዓት ውጡበት፣ ውረዱበት።

በነርስነት ዘመኔ ትከሻና ወገባቸውን የታመሙ ብዙ እናቶች አይቻለሁ። ሸክሙ ዳሌ ላይ ይረፍ፤ የወገብ ቀበቶው ሰፋ ያለና ስፖንጅ ያለው ይሁን። ከቁመታችሁ ይልቅ ጀርባችሁን ለኩ፦ አንገት ሲደፋ ብቅ ከሚለው አጥንት እስከ ዳሌ አጥንት አናት። ክንዳችሁ ከደነዘዘ ማንገቻውን አላሉት፤ ካልተሻለ ሌላ ቦርሳ ምረጡ።

ደባርቅ ላይ ጓዝ የሚጭን በቅሎ ይከራያል። ውሃ፣ የዝናብ ልብስና የየዕለት መድኃኒት ግን ከጀርባችሁ አይለይ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ድንገት ይለወጣል።