ደብረ ብርሃን ላይ የሚከራይ ቤት ፍለጋ

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከአዲስ አበባ ስንወጣ የ4 ዓመት ልጃችን የኋላ ወንበር ላይ ተኝታ ነበር። ለገጣፎን፣ ሰንዳፋንና አለልቱን አልፈን ሸኖ ስንደርስ ነቃችና “በረደኝ” አለች። ወርደን ትኩስ ሻይ ጠጣን። የሸኖ ቅቤ ስንመለስ እንገዛለን ተባብለን ጉዟችንን ቀጠልን። ጫጫን አልፈን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ ደብረ ብርሃን ገባን።

የሄድነው ለሽርሽር አልነበረም። ባለቤቴና እኔ ከተጋባን ጀምሮ ያጠራቀምነው ገንዘብ አለን። ቤተሰብ የሚያበድረን ሲጨመርበትም አዲስ አበባ ውስጥ ደህና ቦታ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አይገዛልንም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ “ደብረ ብርሃን ቤት ግዙና አከራዩት፤ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ትበላላችሁ” አለችን። የእኔ ሥራ ማስታወቂያና ሽያጭ ነው። እንዲህ የሚጣፍጥ አባባል ስሰማ “ማን እየሠራ ነው እኔ ቁጭ ብዬ የምበላው?” ማለት ይቀናኛል። መልሱን ያገኘሁት እዚያው ከተማዋ ውስጥ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩባትና የተቀመጡባት ስፍራ ናት፤ ስሟም ከዚያው የመጣ ነው። ለረጅም ጊዜ የምትታወቀው በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ፣ በበጎቿና በአረቄዋ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተከፈተላት። ከዚያ የቢራ ፋብሪካዎች መጡ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ባለፉት ዓመታት ከግጭት የሸሹ በርካታ ተፈናቃዮችም ተጠግተዋታል። ይህ ሁሉ ሰው ማደሪያ ይፈልጋል። ቤት ገዝቶ ለማከራየት የሚመጣው የአዲስ አበባ ሰውም የሚያየው ይህንኑ ነው።

ደላላው አስፋልቱ ዳር ተቀበለን። “ወንድሜ፣ እዚህ ከተማ ባዶ የሚያድር ክፍል የለም” አለው ባለቤቴን። ተከራዮቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይሆኑ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሳቀ። መደበኛ ተማሪ የሚያድረው ግቢው ውስጥ ዶርም ነው። ቤት የሚከራዩት መምህራን፣ ሠራተኞችና የማታ ተማሪዎች ናቸው። ሰርቪስ ክፍሎቹን የሚይዙት ግን በብዛት የፋብሪካ ልጆች መሆናቸውን ነገረን።

ያሳየን ግቢ ፊት ለፊት ባለ ሦስት ክፍል የብሎኬት ቤት፣ ከጀርባው ደግሞ በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ አምስት ሰርቪሶች አሉት። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ ቤቱን ሸጠው አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። ቡና አፍልተው ጠበቁን፤ ልጃችንንም አጠገባቸው አስቀምጠው ቆሎ ሰጧት።

ሰርቪሶቹን ለማየት ስንጠጋ ደላላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ቀስ በሉ፣ ተኝተዋል” አለን። ከቀኑ 5 ሰዓት ነበር። በአንዱ ክፍል አራት ልጆች ይኖራሉ። ፍራሾቹ ሁለት ናቸው። ከሌሊት ፈረቃ የወጡት ይተኛሉ፣ የቀን ፈረቃ የገቡት ማታ ይተካሉ። ደጃፉ ላይ ልብስ የምታጥብ አንዲት ልጅ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ሰላም አለችኝ። ቤቱን ልንገዛ እንደመጣን ገብቷታል። “እትዬ፣ ከገዛችሁት ታስወጡናላችሁ?” አለችኝ። ገና እንዳልወሰንን ነገርኳት። ትንሽ ዝም ካለች በኋላ “ካላስወጣችሁን ሮቶ ብታስገቡልን ጥሩ ነው። ውኃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፤ እኛ ደግሞ ፈረቃ ላይ ስንሆን ያመልጠናል” አለች። ግቢው ውስጥ ያለው አንድ ሽንት ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ሊሞላ ደርሷል።

ደላላው ስንወጣ ሌላ ሐሳብ አቀረበ። “ልጆቹን እኔ አስወጣላችኋለሁ። ቀለም ቀብታችሁ በአዲስ ዋጋ ታከራዩታላችሁ።”

ምሳችንን እየበላን ከስልኬ ላይ ሒሳብ ሠራሁ። የተጠየቅነው 4,500,000 ብር ነው። ዋናው ቤት በወር 8,000፣ አምስቱ ሰርቪሶች እያንዳንዳቸው 2,400 ብር ይከራያሉ። በጠቅላላው በወር 20,000፣ በዓመት 240,000 ብር ነው። በዚህ ሒሳብ ገንዘባችን ለመመለስ 19 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ክፍል ባዶ የሚሆንበትን ጊዜ፣ እድሳቱንና የኪራይ ገቢ ግብሩን ስገምት ከዓመቱ 60,000 ብር ቀነስኩ፤ 25 ዓመት ሆነ። አዲስ ሽንት ቤትና ሮቶ ለማስገባት ደላላው ራሱ የገመተው 450,000 ብር ሲጨመርበት 27 ዓመት ተኩል ደረሰ። ባለቤቴ ልጃችንን አየና “31 ዓመት ሲሞላት ማለት ነው” አለ።

ኪራዩም የቤቱ ዋጋም እየጨመረ ይሄዳል የሚለው ክርክር እውነትነት አለው። ነገር ግን ኪራዩን የሚከፍለው የልጆቹ ደመወዝ ነው። በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። ኪራዩ ሲጨምር የልጆቹ ደመወዝ አብሮ ስለማይጨምር አራት የነበሩት አምስት ይሆናሉ፤ ሽንት ቤቱም ቶሎ ይሞላል። ሥራው ራሱም ቢሆን ዋስትና የለውም። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ ለአሜሪካ ገበያ ልብስ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ተጎድተዋል። ዋሽንግተን ውስጥ የተወሰነ ውሳኔ ደብረ ብርሃን ጓሮ ያለ ሰርቪስ ድረስ ይደርሳል። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት አስቸጋሪ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ያኔ የፈሰሰ ቧንቧ የሚያስጠግን፣ የተጣላ ተከራይ የሚያስታርቅ የአካባቢ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱም ክፍያ አለው።

እንደኛ ለሚያስቡ ቤተሰቦች ከዚያ ቀን የያዝነውን ላካፍላችሁ። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የምትገዙት ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። ስለዚህ ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ይዞታው ነባር ይሁን ሊዝ፣ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ ወይም የባንክ እገዳ መኖር አለመኖሩን ከደላላ ሳይሆን ከማዘጋጃ ቤቱ አጣሩ። ሰርቪሶቹ በፕላኑ ላይ መኖራቸውንም እዩ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ ክፍያ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። አዋጁ በክልሎች የሚሠራው ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች ነውና የምትገዙበት ከተማ ውስጥ ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ። ከሁሉም በፊት ግን ደላላው ዞር ሲልላችሁ ተከራዮቹን አነጋግሩ። ስለ ቤቱ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ከመመለሳችን በፊት እናትየውን ልንሰናበት ተመልሰን ገባን። ባለቤቴ ሐሳባችንን በግልጽ ነገራቸው፤ የሽንት ቤቱና የሮቶው ወጪ ከዋጋው ከተቀነሰልንና ልጆቹ በያዙበት ኪራይ ከቀጠሉ እንገዛለን አላቸው። ደላላው ፊቱን አዞረ። እሳቸው ግን ረጋ ብለው አሰቡና “ልጆቹን ማስወጣት እኔም አልወድም። ዋጋውን ግን ከልጄ ጋር ልምከርበት” አሉን።

መንገዳችን ላይ ሸኖ ቆመን ቅቤያችንን ገዛን። ልጃችን ከደብረ ብርሃን በገዛንላት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ እስከ አዲስ አበባ ተኛች። ይህን ስጽፍ ሁለት ሳምንት ሆኖናል፤ እናትየው ገና አልደወሉም። ባለቤቴ ግን ትናንት ማታ ሳልጠይቀው የ2,000 ሊትር ሮቶ ዋጋ አጣርቶ መጣ።