«አልታየም» ማለት «የለም» መስሎኝ

ይህን የምጽፈው ከእኔ ስህተት እንድትማሩ ብዬ ነው። የሶዶ ልጅ ነኝ፣ ባጃጅ ነጂ። ኤችአይቪ በደሜ ውስጥ እንዳለ ካወቅሁ አምስት ዓመት ሞላኝ። ክኒኔን የምውጠው ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። ሰው ሰምቶ እንዳይጠረጥረኝ ብልቃጡ ውስጥ ጥጥ እወትፍ ነበር፤ ሲንኳኳ ያሳጣላ!

አንድ ቀን የደም ምርመራዬ ውጤት መጣና «ቫይረሱ አልታየም» ተባልኩ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ማንም አላብራራልኝ፣ እኔም አልጠየቅሁ። በደስታ እየበረርኩ ሄጄ እጮኛዬን «ድኛለሁ!» አልኳት። ያለብኝን ከመጀመሪያው ታውቅ ስለነበር ከእኔ ብሳ አለቀሰች። ከጊፋታ በዓል ማግስት ክኒኑን አቆምኩ፤ ኮንዶሙንም ተውነው።

ለገና ሰሞን ትኩሳትና ሳል አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ። ስመረመር ቫይረሱ በሺዎች ተቆጥሮ ተመልሷል። ሲስተሯን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

«ማነው ድነሃል ያለህ?»

«ወረቀቱ፣ ሲስተር።»

በመስኮቱ ወደ ዳሞታ ጠቆመችኝ። «ጠዋት ጉም ሲሸፍነው ተራራው ሄደ ማለት ነው? ስማኝ ልጄ፣ ክኒኑ ቫይረሱ እንዳይራባ ይይዘዋል እንጂ ነቅሎ አያወጣውም። ሴሎችህ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቅሃል። ስታቋርጥ በሳምንታት ውስጥ ይነሳል። እየዘለልክ ከዋጥክ ደግሞ መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ያኔ ክኒኑ አይበግረውም።»

እኔስ ይሁን፣ የእሷ ነገር ነው ያቃጠለኝ። የእጮኛዬን ውጤት ስጠብቅ ያደርኩትን ሌሊት ለጠላቴም አልመኘው። ነፃ ሆነች። ከሦስት ወር በኋላ ስትደግመውም ነፃ! ተመስገን ነው።

እኔም ሦስት ወር ሳላዛንፍ ውጬ ስመረመር እንደገና «አልታየም» ተባልኩ። አሁን ትርጉሙ ገብቶኛል፦ አልዳንኩም፣ ግን እየዋጥኩ እዚያው እስከቆየሁ ድረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለእሷ አላስተላልፍም።

በሀገራችን ይህ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ስንቱ ሳያገኘው አለፈ! እኔ ግን በእጄ ይዤው ጣልኩት።

እናም ወዳጆቼ፣ ወረፋው ቢረዝም፣ ከኋላችሁ ያለው ቢያጉረመርምም፣ «ይህ ውጤት ምን ማለት ነው?» ሳትሉ አትውጡ። ዛሬ 3 ሰዓት ሲሆን ውሃ የምታቀብለኝ እሷ ናት። ብልቃጡም እንደፈለገ ይንኳኳ፤ ጥጡን ጥየዋለሁ።