ሣሩን ማን አየው?

ሳተላይት ቅጠል ከሚመልሰው ብርሃን ተነስቶ አገሩ ምን ያህል እንደለመለመ ያሰላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ቦረና ላይ የተጀመረው የከብት መድን ክፍያም የቆመው በዚሁ ስሌት ላይ ነው። ሐሳቡን እደግፈዋለሁ፤ የሞተ ከብት ተቆጥሮ ካሳ ከመጠበቅ ይሻላል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ከላይ ሲታይ የሣሩና የቁጥቋጦው ልምላሜ ይምታታል። ግመልና ፍየል ቁጥቋጦውን ቀንጥበው ያድራሉ። የቦረና ላም ግን ሣር ካጣች በአረንጓዴ አገር መሐል ትከሳለች።

*

የቦረና ቁጥቋጦ እንዲሁ አልበዛም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መንግሥት የግጦሽ መሬት ማቃጠልን ከለከለ። እሳቱ አሮጌ ሣር ይጠርግ፣ መዥገር ይገድል፣ የእሾህ ችግኝ ይቀጭ ነበር። ዛሬ ክልከላውን ማንሳት ብቻውን አይበቃም፤ ተግጦ ባለቀ መሬት ላይ ምኑ ይነዳል?

*

አሜሪካዊው ተመራማሪ ክራይደር እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጥናት፣ እስከ ግማሽ ቅጠሉ የተቆረጠ ሣር ሥሩ እምብዛም አልተጎዳም። 80 በመቶው ሲቆረጥ ግን የሥሩ እድገት ለቀናት ቀጥ አለ። ከብቱ ጠግቦ ገባ ማለት መሬቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። መንጋው ካለፈ በኋላ ጎንበስ ብሎ የተረፈውን ማየት ያስፈልጋል።

*

ሣሩን ለመለካት የግጦሽ ባለሙያው የብረት ካሬ መሬት ላይ ያስቀምጣል፤ ውስጡ ያለውን ሣር አጭዶ፣ አድርቆ ይመዝናል። የቦረና አርብቶ አደር መንጋውን ከመንዳቱ በፊት አሳሽ ይልካል። የትኛው ሣር በቅሏል? ውኃው ምን ያህል ያስኬዳል? መዥገር አለ? ማን ቀድሞ ሰፍሯል? ከብቱ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ላሚቱን ያያል። እበቷ ላላ ብሎ ከተዘረጋ ለጋ ሣር አግኝታለች፤ ጠጥሮ ከተቆለለ ሣሩ ደርቋል። የጸጉሯ ወዝ፣ የማታ ወተቷ፣ ኮርማ መፈለጓ ሁሉ ምልክት ነው። ይህ እውቀት ከካሬው ውጤት ጎን በመዝገብ ካልሰፈረ ልኬቱ ጎዶሎ ነው።

*

በዝናብ ወቅት ብቻ ይጋጥ በነበረ መሬት ላይ ኩሬ ሲቆፈር ከብቱ ዓመቱን ሙሉ ይሰፍርበታል። የሣሩን እረፍት የወሰደው ያው ውኃ ነው።

*

የመንዝ ጓሳ የጋራ ሣር ምድር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የማኅበረሰብ ሥርዓት ተጠብቆ ይኖር ነበር። ቤት የሚከደንበት የጓሳ ሣር እስኪደርስ፣ እንደ እድገቱ፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋ ነበር። ከዚያ በጋው ሲጠና ይከፈት ነበር፤ ክረምቱ ሲገባ፣ እስከ ሐምሌ 5፣ ሰውም ከብትም ለቆ ይወጣ ነበር። «ገና ነው» የሚለው አለቃ ሕዝቡ የመረጠው ስለነበር ቃሉ ይከበር ነበር። የ1967ቱ (እ.ኤ.አ. 1975) የመሬት አዋጅ ያንን ሥልጣን አፈረሰው። ሣሩን የሚያውቅ ሰው አልጠፋም፤ ሲከለክል የሚሰማው ነው የጠፋው። ዛሬ ኃላፊነቱ ከየቀበሌው በተውጣጣ የማኅበረሰብ ኮሚቴ እጅ ነው፤ ለመዝጋትም ለመክፈትም ሙሉ አቅም ሊኖረው ይገባል።