ለምን በ3 አካፈለው?

በሴሚስተር እረፍት ሞላሌ ቤተሰብ ጋ ስሄድ አንድ ሥራ ይዤ ነበር፦ የጀማዓችንን የኢፍጣር ተረኞች ዝርዝር የሚያወጣውን ፕሮግራም ረመዳን ሳይገባ ወደ ፓይተን 3 ማዛወር። የጻፈው ከኛ ብዙ ባች በፊት የተመረቀ ወንድም ነው፤ በፓይተን 2። ፓይተን 3 እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቶ፣ የ2 ድጋፍ ጃንዋሪ 1፣ 2020 ቆሟል።

የፕሪንት ቅንፎችን መቀየሪያ ፕሮግራሙ ራሱ ሞላቸው። ያስቸገረኝ አንድ መስመር ነው። በስምና በዶርም ቁጥር መካከል ስንት ነጥብ እንደሚደረደር ለማወቅ የስሙን ርዝመት በ3 ያካፍላል። በአዲሱ ፓይተን 6 ለ3 ሲካፈል እንኳ 2.0 ነው የሚሰጠው፤ 2.0 ጊዜ ነጥብ መደርደር ስለማይቻል ፕሮግራሙ ቆመ። የማካፈያውን ምልክት ደገምኩት፣ ሠራ። ዝርዝሩ ግን ተንጋደደ፤ የስህተት መልእክትም የለም። «ይሄ ልጅ 3ን ከየት አመጣው?» ብዬ ሳቅኩበት። አፉ ይበለኝ።

ማታ በዚያ ብርድ ጋቢ ደርቤ «ሞላሌ» የሚለውን በሁለቱም አስቆጠርኩ። አሮጌው 9 አለ፤ አዲሱ 3። አሮጌው ፊደል ሳይሆን ባይት ነበር የሚቆጥረው፤ በዩቲኤፍ 8 ደግሞ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ልጁ ፊደላችንን የማያውቅ ቋንቋ በግድ አስቆጥሮታል! (መድረሳ እያለን ኡስታዛችን ያልሸመደድነውን ሉሕ አያሳጥቡንም ነበር፤ እኔ ግን ሳላነበው ላጥበው ነበር።)

ማካፈሉን አጠፋሁ፤ ምክንያቱንም ከጎኑ ጻፍኩ። በእንግሊዝኛ ፊደል የተመዘገቡ ሁለት ስሞች በአሮጌው ዝርዝር ሁሌ ይንጋደዱ የነበረው ለምን እንደሆነም ያኔ ገባኝ።