የተጠረገው ጎተራና ያልተለየው ዘር

በኅዳር ወር መጨረሻ፣ በቆላው በሰንበቴ ምድር ማሽላ ታጭዶ ወደ ቤት በሚገባበት ሰሞን፣ አባወራው ሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ሥራ አለ፤ ይኸውም ጎተራውን መፈተሽ ነው። የዐምናው እህል ተዝቆ ይወጣል፤ ነቀዝ የበላው ለከብት ይለያል፤ ደኅናው ፀሓይ ይመታዋል፤ ጎተራውም ተጠርጎ በእበት ይመረጋል። ለዘር የተመረጠው የማሽላ ራስ ግን ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ተለይቶ፣ ከምድጃው በላይ ጢስ በሚያገኘው ስፍራ ተሰቅሎ ይቆያል። ጎተራውን ሲጠርግ ዘሩን አብሮ የጠረገ ሰው በሚመጣው ክረምት ምን ይዘራል?

ይህን ሥርዐት ለእህላችን ከአባቶቻችን ተቀብለን እናውቀዋለን። በቤታችን ለገባው አዲስ ጎተራ፣ ማለት ለኮምፒውተሩ፣ ግን ሳናስበው ቀረን። ከዚህ የተነሣ የደረሰብንን ጉዳት ሌላው ቤተ ሰብ ይማርበት ዘንድ ለመጻፍ ወደድን።

ኮምፒውተሩን የገዛነው የበኵር ልጃችን ዩኒቨርሲቲ በገባበት ዓመት ነበር። በመጀመሪያ የትምህርት መሣሪያ ብቻ ነበረ። ከዚያ በኋላ ግን የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙር፣ የሰርጉ ሥዕል፣ የልጆቹ ክርስትና፣ የዘመድ ስልክ ሁሉ የሚያነሣው ፎቶግራፍ በየቀኑ ይፈስበት ጀመር። እኛም መጨመርን እንጂ መቀነስን አላወቅንም። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ትንሹ ልጃችን የጻፈውን የቤት ሥራ ሊያስቀምጥ ቢሞክር፣ መሣሪያው ቦታ የለኝም ብሎ እንቢ አለ።

በእውነቱ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው የዲስክ ማከማቻ ክብደቱ አንድ ቶን ያህል ሲሆን፣ በ50 ሰፋፊ ዝርግ ዲስኮች ላይ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነበር። ዛሬ ከኪሳችን አውጥተን የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ ብቻውን ያንን ትልቅ መሣሪያ ሊሞላው ይችላል። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮማ ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ይፈጃል። ስፋቱ በጨመረ ቍጥር እጃችንም አብሮ እየሰፋ ሄደ እንጂ ጎተራው አላነሰም።

ያን ምሽት ግን ይህን ሁሉ አላሰብንም። ደክሞን ነበርና የ16 ዓመቱን ልጃችንን፣ «የማያስፈልገውን አጥፋና ቦታ አስለቅቅ» ብለን አዝዘነው ለመኝታ ተነሣን። የማያስፈልገው የቱ እንደ ሆነ ግን አልነገርነውም። ልጁም እንደ ታዘዘው አደረገ። ስማቸው ቍጥር ብቻ የሆነውን፣ ምንነታቸውን ያላወቃቸውን ፎልደሮች ሰረዘ። ከመሳቢያ ያገኘውን አሮጌ ፍላሽም ባዶ አድርጎ ትልልቆቹን ፊልሞች ወደ እርሱ አዛወረ።

በከተማችን እሑድ የቅዳሴም የገበያም ቀን ነው። ከቅዳሴ ወጥተን ሰንበቴያችንን ቀምሰን ስንመለስ፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው የሚገናኝበት ታላቁ ገበያ ሞልቶ ነበር። የልጃችን የክርስትና እናት አብራን ወደ ቤት መጣች፤ ልጅቱም፣ «ክርስትና የተነሣሁበትን ቀን አሳዩኝ» ብላ ለመነች። ኮምፒውተሩ ተከፈተ። ሥዕሉ ግን የለም።

በገበያው ዳር ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን፣ የእስልምና ተከታይ የሆነ አንድ ወጣት ጎረቤት አለን። የሳምንቱ ሥራው በዚያች በእሑድ ገበያ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ጉዳያችንን ሲሰማ ሱቁን ዘግቶ መጣልን። ገና ከበር ሲገባ፣ «እማማ፣ ከእንግዲህ ምንም አይንኩ፤ ምንም አይጨምሩበት» አለ። ምክንያቱንም አስረዳን። ፋይል ሲሰረዝ በመጀመሪያ የሚፋቀው ከመዝገቡ ላይ ያለው ስሙ ነው፤ ጽሕፈቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር በላዩ እስኪጻፍበት ድረስ በስፍራው ሊቆይ ይችላል። ይልቁንም ከኮምፒውተሩ የተሰረዘው አስቀድሞ ሪሳይክል ቢን ወደሚባለው ቅርጫት ይገባል። ቅርጫቱን ከፈተው፤ የክርስትናው ሥዕል ከነእልልታው ተገኘ። ቤቱ በደስታ ተመላ።

ፍላሹ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ከፍላሽ የሚሰረዝ ነገር ወደ ቅርጫት አይገባም፤ በዚያ ላይ ልጁ እስከ አፉ ድረስ ፊልም ሞልቶበት ነበር። በውስጡ የነበረው ደግሞ የአያታችን ድምፅ ነው። በ2009 ዓ.ም. በገና ማግስት አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠው፣ የሰባት ቤት ዘራችንን ቈጥረው፣ የቅዱስ ሚካኤልን ዝክር በቤታችን ማን እንደ ጀመረው፣ በልጅነታቸውም በእግራቸው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ እንዴት እንደ ተሳለሙ ነግረውን ነበር። በሁለተኛው ዓመት ዐረፉ። ሌላ ቅጅ አልነበረንም። ወጣቱ እስከ ምሽት ድረስ ደከመ፤ ያገኘው ግን የማይከፈት ቍርጥራጭ ብቻ ነበር።

ልጃችን ከጥግ ተቀምጦ አለቀሰ። በመጀመሪያ ልንቈጣው ዐሰብን፤ ነገር ግን ፊቱን ባየን ጊዜ እውነቱ ተገለጠልን። የአያቱን ድምፅ ከተጣለ ፍላሽ ጋር በመሳቢያ ያኖርነው እኛ ነን፤ ስም ያልጻፍንበትም እኛ ነን፤ ዘሩን ሳንለይ ጎተራውን ጥረግ ብለን ያዘዝነውም እኛ ነን። ጥፋቱ የእኛ መሆኑን በዚያው ሌሊት ነገርነው።

በማግስቱ በኮምቦልቻ ከምትኖር እኅታችን ስልክ ውስጥ ከዚያ ቀን የቀረ የ40 ሰከንድ ድምፅ ተገኘ። የዘር ቈጠራው የለበትም፤ የዝክሩም ታሪክ የለበትም። አያታችን ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው፣ «ይህ ዕቃ አሁን ይሰማኛል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ከዚያም ይስቃሉ። የቀረልን ይህ ነው።

ስለዚህ የተማርነውን በቅደም ተከተሉ እንናገር። ከማጥፋት በፊት መለየት ይገባል። ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድነት ተቀምጦ፣ ሊተካ የሚችለውንና ሊተካ የማይችለውን ይለይ። ፊልም እንደገና ይገኛል፤ ፕሮግራም እንደገና ይጫናል፤ የሞተ ሰው ድምፅ ግን እንደገና አይቀዳም። ለዘር የተለየው ሁሉ የሰው ስምና ዓመተ ምሕረት ተጽፎበት ሦስት ቅጅ ይኑረው፤ ሁለቱ በተለያየ ዕቃ፣ አንዱ ደግሞ በሌላ ቤት ወይም በሌላ ከተማ።

ይህ ከሆነ በኋላ ጠረጋው ይጀመር። ቅርጫቱ ይታይ፤ በውስጡ ያለው ሁሉ የተሰረዘ ይምሰል እንጂ ቦታውን እንደ ያዘ ነው፤ ከተመረመረ በኋላ ባዶ ይደረግ። ከኢንተርኔት የወረደው የሚከማችበት ዳውንሎድ የተባለው ፎልደርና ቴሌግራም የሚያጠራቅመው ይፈተሽ፤ በእኛ ቤት ከሁሉ የበለጠው ትርፍ የተገኘው ከዚህ ነበር። አንዱ ሥዕል ሦስት አራት ጊዜ ተደግሞ ከሆነ አንዱ ይቅር። የማንጠቀምበት ፕሮግራምና ጨዋታ በሥርዐቱ ይነሣ። ዊንዶውስ በራሱ ሴቲንግ ውስጥ ጊዜያዊ ፋይሎችን የሚያጸዳበት ክፍል አለውና በእርሱ መጠቀም ይሻላል፤ የዊንዶውስን የራሱን ፎልደር ግን በእጅ መነካካት አይገባም። እንዲህ አድርገን ከ500 ጊጋባይቱ 140 ጊጋባይት ባስለቀቅን ጊዜ፣ ከልባችን የሚያሳዝነን አንድም ነገር አላጠፋንም። ያን ቅዳሜ ማታ በችኮላ የተደረገው ሁሉ አስፈላጊ አልነበረም ማለት ነው።

ቅጅን በሌላ ስፍራ ማኖር ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ነገር አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በሐይቅ እስጢፋኖስ ይገኛል። አባቶች ባዶውን ገጽ እንኳ አላባከኑም፤ የገዳሙን ንብረትና መጻሕፍት ዝርዝር ጻፉበት። እ.ኤ.አ. በ1973 በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን በተጀመረው ሥራ ደግሞ ወደ 9,000 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሡ፤ ያ የሐይቅ ወንጌልም ከእነርሱ አንዱ ነው። ቅጁ በአዲስ አበባና በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ተቀመጠ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ብዙ ዘመን ደክመው ዝርዝሩን አዘጋጁ። ይህ ጥንቃቄ ከንቱ እንዳልሆነ እኛ የዚህ አገር ሰዎች እናውቃለን። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በጎረቤታችን በአጣዬ ብዙ ቤት ሲቃጠል፣ ከቤቱ ጋር በግድግዳው የተሰቀለው ሥዕልና በሣጥኑ የተቀመጠው ወረቀትም ዐመድ ሆነ። አንድ ብቻ የሆነ ነገር እንደሌለ ይቈጠራል።

በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 12 የተነገረለት ባለጠጋ ጎተራው በሞላ ጊዜ ሌላ የሚበልጥ ሊሠራ ዐሰበ እንጂ ምን እንዳከማቸ አልጠየቀም። በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 6 ደግሞ ጌታችን ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ ፍርፋሪው እንዳይባክን እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ 12 መሶብም ሞላ። እኛ ጎተራውን ማስፋት ወድደን ፍርፋሪውን መሰብሰብ ረሳን። ክርስቲያናዊ ቤት ግን ሁለቱን ትምህርት አብሮ ሊይዝ ይገባል፤ ትርፉን ያለ ስስት ይተው፤ ቍራሹን ያለ ንቀት ይሰብስብ።

የኮምፒውተሩ ቅርጫት ነገርም ከልባችን አልወጣም። ተሰርዟል ያልነው፣ ከዐይናችን ስለ ራቀ ብቻ የጠፋ የመሰለን ስንት ቂምና ስንት በደል በውስጣችን ቦታ ይዞ ተቀምጧል? እርሱንም ወደ ንስሓ አባታችን ይዘን ካልቀረብን በቀር ጎተራው አይለቅም።

አሁን በጾመ ነቢያት ማሽላው ገብቷል፤ ዘሩም ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል። የ40 ሰከንዱ ድምፅ በሦስት ስፍራ ተቀምጧል፤ ስሙንና ዓመቱን የጻፈበትም ያው የ16 ዓመቱ ልጃችን ነው። ክቡራን አንባቢያን፣ በቤታችሁ አረጋውያን ካሉ ዛሬ ማታ ከአጠገባቸው ተቀምጣችሁ ድምፃቸውን ቅዱ፤ ቦታ ከጠበባችሁም ለእነርሱ ሌላውን አስለቅቁላቸው።