የ«ጋይ» እሳት

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው «ጋይ» የሚለውን ቃል «ሰውዬ» ብሎ ተርጉሞ ያልፋል። መዝገበ ቃላቱ አልዋሸውም፤ ግማሹን ነገረው እንጂ። ቀሪው ያለው በብሪታንያ የኖቬምበር 5 ሌሊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1605 ጋይ ፎክስ የተባለ ሰው ንጉሡን ከነፓርላማው ለማጥፋት ከመኳንንቱ ምክር ቤት ሥር 36 በርሜል ባሩድ ሲጠብቅ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ በየዓመቱ ደመራ መሰል እሳት ያነድዳል። ልጆች አሮጌ ልብስ በጭድና በጋዜጣ ጠቅጥቀው የሰውየውን ምስል ይሠሩ፣ «ለጋይ አንድ ፔኒ» እያሉም ይለምኑበት ነበር፤ ሲመሽ ምስሉ ይቃጠላል። (ቃሉ ከእኛ «ጋየ» ጋር መግጠሙ አጋጣሚ እንጂ ዝምድና አይደለም።) በ19ኛው መቶ ዓመት አለባበሱ የሚያስቅ ሰው ሁሉ «ጋይ» ተባለ፤ አሜሪካ ሲደርስ ፌዙ ቀርቶ ማንኛውም ወንድ ማለት ሆነ። ዛሬ ለንደን ላይ ወጣቱ ወዳጆቹን፣ ሴቶቹን ጨምሮ፣ ምስሉ በሚቃጠለው በዚያ ሰው ስም ይጠራል።